ከተጠባባቂው ወንበር የሚጀምር የድራፍት ሂሳብ

የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የሆነው የኤን ኤፍ ኤል ድራፍት፣ ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ዝግጅት፣ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ባለቀ በማግስቱ እያንዳንዱ ቡድን እንደ ተማሪ ከኤ እስከ ኤፍ ማርክ ይሰጠዋል። የተመረጡት ልጆች ግን ከቡድኑ ጋር አንድ ቀን እንኳ አልተለማመዱም። ማርኩ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቡድኑ የመረጣቸው ስሞች ጋዜጠኞች አስቀድመው ካወጡት የደረጃ ዝርዝር ጋር ምን ያህል እንደገጠሙ። ለደጋፊ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። ኖቬምበር ላይ ቋሚው ተሰላፊ ጉልበቱን ይዞ ሲወድቅ የሚገባው ማን ነው? ድራፍትን ከዚህ ጥያቄ ተነስቶ መመዘን ይቻላል፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ምሳሌ የምናደርገው ዋሽንግተን ኮማንደርስን ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖረው ሐበሻ ከልጆቹ ጋር የሚያየው የሰፈሩ ቡድን ነው፤ የ2024 እና የ2025 የውድድር ዘመኖቹም ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማስተማሪያ ናቸው።

አሰራሩን በአጭሩ እንየው። ድራፍቱ ሰባት ዙር አለው። 32ቱ ቡድኖች በየዙሩ አንድ አንድ ተራ ይደርሳቸዋል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቀድሞ ይመርጣል፤ ሱፐር ቦል፣ የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ፣ ያነሳው 32ኛ ይሆናል። ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ጥሎ ማለፉ ውስጥ፣ ያልገቡት 18 ቡድኖች የመጀመሪያዎቹን 18 ተራዎች ይከፋፈላሉ። ውላቸው ያለቀ ጥሩ ተጫዋቾች ጥለውት የሄዱት ቡድን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ዙር መጨረሻ ላይ የማካካሻ ተራ ሊያገኝ ይችላል። ቶም ብሬዲ በ2000 በ199ኛነት የተመረጠው በእንዲህ ያለ የማካካሻ ተራ ነው።

የፕሪሚየር ሊግ ዝውውር ለለመደ ሰው ግራ የሚያጋባው ነገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ ተጫዋች በገንዘብ ይገዛል፤ እዚህ ግን መገበያያው ተራው ራሱ ነው። ቡድኖች ተጫዋች በተራ ይለውጣሉ፤ የዛሬን ተራ በመጪው ዓመት ተራ ይለውጣሉ። ስለዚህ ቡድናችሁ "ጥሩ መረጠ ወይ?" ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት "ስንት ተራ ይዞ ገባ? የቀሩትስ በምን አለቁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

53 ሲባል 53 አይደለም

በበጋው ልምምድ ቡድኑ 90 ሰው ይይዛል። ኦገስት መጨረሻ ላይ ወደ 53 ይቀንሳል። ከተቀነሱት አራት ሙሉ የአገልግሎት ዓመት ያልሞላቸው ዌቨር የሚባለው ሂደት ውስጥ ይገባሉ። ሌሎች ቡድኖች እንደ ደረጃቸው ከታች ጀምሮ ቅድሚያ ይሰጣቸውና ልጁን ሊወስዱት ይችላሉ። ማንም ካልወሰደው ወደ ልምምድ ቡድኑ ሊመለስ ይችላል። የልምምድ ቡድኑ 16 ሰው ይይዛል፤ በዓለም አቀፉ ፕሮግራም የመጣ ተጫዋች ካለ 17። "በስድስተኛ ዙር የመረጥነውን ልጅ ለምን ቀነሱት?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ ቡድኑ ማንም እንደማይወስድበት አስልቶ ነው የለቀቀው። አደጋው ግን በዚያ ቀን አያልቅም። የልምምድ ቡድን ተጫዋችን ሌላ ቡድን በማንኛውም ሳምንት 53ቱ ውስጥ አስገብቶ ሊያስፈርመው ይችላል።

የጨዋታው ዕለት ደግሞ ከ53ቱ መለያ ለብሰው የሚገቡት 48 ናቸው። እሱም ስምንቱ ከኦፌንሲቭ ላይን፣ ማለትም ኳርተርባኩን (ኳስ ወርዋሪውን) ከሚከልሉት ግዙፎች ወገን ከሆኑ ነው። ሰባት ብቻ ከያዘ የሚፈቀድለት 47 ነው። ከልምምድ ቡድኑ በየጨዋታው እስከ ሁለት ሰው ማሳደግ ይቻላል፤ አንዱ ልጅ በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚያድገው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቡድኑ እንደገና ሊያሰልፈው ከፈለገ 53ቱ ውስጥ ቦታ መፈለግ አለበት።

ከነዚህ ቁጥሮች የሚወጣ ነገር አለ። አምስት የኦፌንሲቭ ላይን ቋሚዎችን የሚተኩት በጨዋታው ዕለት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ በጠርዝ የሚቆሙትን የግራውንም የቀኙንም ታክል ይተካል፤ ሌላው ከውስጥ ያሉትን ሁለቱን ጋርዶች፤ ሦስተኛው የመሐሉን ሴንተር፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጋርድንም ጨምሮ። ስለዚህ በአምስተኛ ዙር ሦስት ቦታ መጫወት የሚችል ልጅ መምረጥ፣ አንድ ቦታ ብቻ በደንብ የሚጫወት ልጅ ከመምረጥ ይበልጣል። ከታች ዙሮች የመጣ ላይንባከር (የመሐል ተከላካይ) ወይም ሴፍቲም (የመጨረሻው የኋላ ተከላካይ) መለያ የሚለብሰው መጀመሪያ በዲፌንሱ ችሎታው አይደለም። ምት በሚመታበትና በሚመለስበት ሰዓት፣ ስፔሻል ቲምስ በሚባለው ክፍል፣ ሮጦ መጣል ስለሚችል ነው። የአምስተኛ፣ የስድስተኛና የሰባተኛ ዙር ተመራጭን ስትመዝኑ "ኮሌጅ እያለ ምት ላይ ይሮጥ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልሮጠ የመጀመሪያ ዓመቱን በሲቪል ልብስ ቆሞ ሊያሳልፍ ይችላል።

ወረቀቱ

ማርች ላይ፣ ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች ገበያ ከሞቀ በኋላ፣ ድራፍቱ ሳይደርስ ወረቀታችሁን አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት አምድ ስሩ፤ ቋሚ፣ ተተኪ፣ ሦስተኛ። ቋሚ የምትሉትን ግን በቀድሞው 11 ለ11 አትቁጠሩ። ዛሬ አብዛኛው ቡድን ብዙውን ሰዓት የሚያጠቃው በሦስት ኳስ ተቀባይ ነው፤ ዲፌንሱም አምስት የኋላ ተከላካይ ያስገባል። ስለዚህ ሦስተኛው ኮርነርባክ፣ የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ የሚከታተለው ተከላካይ፣ ተጠባባቂ ሳይሆን ቋሚ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሦስት ቋሚ ኮርነርባክ ጻፉ። በዲፌንሲቭ ላይን አራት ቦታ ቢሆንም እየተፈራረቁ የሚጫወቱት ስምንት ገደማ ናቸው፤ እዚያ "ተተኪው" ከጨዋታው ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ይጫወታል።

በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሦስት ነገር አስፍሩ፤ ዕድሜው፣ ውሉ የሚያልቅበት ዓመት፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት በጉዳት ያመለጡት ጨዋታዎች። አንድ ስም ሁለት ቦታ ላይ ተተኪ ሆኖ ከተጻፈ ክበቡት። የተከበበ ስም ሁለት ቀዳዳ በአንድ ድንጋይ የደፈነ ይመስላል። ሁለት ቋሚዎች በአንድ ሳምንት ሲወድቁ ግን አንዱ ቀዳዳ ክፍት ይቀራል።

ድራፍቱ ሲያልቅ እያንዳንዱን ተመራጭ በአምዱ አስገቡት። ብዙ ደጋፊ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተመራጩ ዘንድሮ የትኛውም አምድ ውስጥ ካልገባ "ተራ ባከነ" ይላል። ውሉ የሚያልቅበትን ዓመት የጻፋችሁት ለዚህ ነው። ፊላደልፊያ በ2022 በ51ኛ ተራ ካም ጀርገንስ የሚባል ሴንተር መረጠ፤ ቦታው ላይ ግን ጄሰን ኬልሲ ነበር፣ የሊጉ ምርጥ ሴንተር። ጀርገንስ አንድ ዓመት ተቀመጠ፤ በ2023 ጋርድ ሆኖ ተጫወተ፤ ኬልሲ በማርች 2024 ሲያቆም ቦታውን ተረከበ፣ በዚያው የውድድር ዘመንም ቡድኑ ሱፐር ቦል አነሳ። ፊላደልፊያ ለዋሽንግተን ደጋፊ ባላንጣ ነው፤ ቀዳዳን ከሁለት ዓመት በፊት አይቶ በመድፈን ግን ከእነሱ መማር ያስፈልጋል።

ኮርነርባክ ላይ የደረሰው

የዋሽንግተንን የ2025 ወረቀት ኮርነርባክ ላይ ክፈቱት። ማርሾን ላቲሞር በኖቬምበር 2024 ከኒው ኦርሊንስ መጣ፤ ዋጋው የ2025 ሦስተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛ ዙር ተራ ሲሆን፣ ከእሱ ጋር አንድ የአምስተኛ ዙር ተራ ተመልሷል። ማይክ ሴንሪስቲል በ2024 በ50ኛ ተራ ተመርጧል። ትሬይ ኤሞስ በ2025 በ61ኛ ተራ መጣ። ሦስት ቋሚዎች፣ ሁሉም ውድ ዋጋ የተከፈለባቸው። በሴፕቴምበር ይህን አምድ ያየ ሰው "ደህና ነን" ቢል አይፈረድበትም።

ኖቬምበር 2 ቡድኑ በሲያትል 38 ለ 14 ተሸነፈ። በዚያ ጨዋታ የላቲሞር የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። በሳምንቱ ከዲትሮይት ጋር ሲጫወቱ ኤሞስ እግሩ ተሰበረ። በስምንት ቀን ውስጥ ከሦስቱ የቀረው ሴንሪስቲል ብቻ ነበር። የሲያትሉ ምሽት በዚህም አላበቃም፤ ተቀባዩ ሉክ መካፍሪ የአንገት አጥንቱ ተሰበረ፤ ሽንፈቱ ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ ኳርተርባኩ ጄይደን ዳንኤልስ የግራ ክርኑ ወለቀ።

ጉዳት መጥፎ ዕድል ነው፤ አራተኛውና አምስተኛው ኮርነርባክ ማን እንደሆነ ግን ዕድል አይወስነውም። እነሱ የሚመጡት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ዙር ባሉ ተራዎች ነው። የዋሽንግተን የነዚያ ዙሮች ተራዎች ደግሞ አብዛኞቹ ሌላ ቦታ ወጥተዋል። በማርች 2025 ታክሉ ሌረሚ ተንሲል ከሂውስተን ሲመጣ የዚያው ዓመት ሦስተኛና ሰባተኛ፣ እንዲሁም የ2026 ሁለተኛና አራተኛ ዙር ተራ ሄደ፤ በምላሹ አንድ የ2025 አራተኛ ዙር ተራ መጣ። ተቀባዩ ዲቦ ሳሙኤል በአምስተኛ ዙር ተራ ከሳን ፍራንሲስኮ መጣ። በዚህ ምክንያት ዋሽንግተን በ2025 ድራፍት የመረጠው አምስት ሰው ብቻ ነው፤ በ29ኛ፣ በ61ኛ፣ በ128ኛ፣ በ205ኛና በ245ኛ ተራ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዘጠኝ መርጦ ነበር፤ ስድስቱ ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ።

የተንሲል ዝውውር ስህተት ነበር ማለት አይደለም። ወጣት ኳርተርባክ ያለው ቡድን ግራ ታክል ላይ መቆጠብ የለበትም። ኳርተርባክ ኳሱን ለመወርወር የሚያገኘው ጊዜ ከሦስት ሰከንድ ያነሰ ነው፤ ግራው ጠርዝ ከተከፈተ ቀኝ እጁ የሆነ ኳርተርባክ የሚመታው ከማያየው ጎን ነው። በ29ኛ ተራ የተመረጠው ጆሽ ኮነርሊም ለሌላኛው ጠርዝ ነው። ነገር ግን ከላይ የተገዛ ስም ዋጋው የሚከፈለው ከታች ነው። ክፍያውም ኖቬምበር ላይ ይታያል፤ ቡድኑ በ2024 12 ድልና 5 ሽንፈት ይዞ እስከ ኮንፈረንሱ ፍጻሜ፣ ከሱፐር ቦል በፊት እስካለው ጨዋታ፣ ደርሶ ነበር፤ በ2025 ወደ 5 ድልና 12 ሽንፈት ወረደ።

የኮነርሊና የተንሲል መምጣት ሌላም ነገር ያሳያል። በ2024 በ67ኛ ተራ የተመረጠው ብራንደን ኮልማን በመጀመሪያ ዓመቱ ግራ ታክል ነበር፤ ሁለቱ ሲመጡ ከጠርዙ ወረደ። ይህን "የከሸፈ ምርጫ" ብሎ መመዝገብ ስህተት ነው። ኮልማን ወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያው አምድ ወደ ሁለተኛው ተሸጋገረ፤ ቋሚ ሆኖ የተጫወተ ሰው በተተኪነት የያዘ ቡድን ደግሞ ብዙ የለም።

ሁሉም ቦታ እኩል አይቆይም

ራኒንግ ባክ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠው፣ ከታች ዙሮች ይገኛል፤ በመጀመሪያ ዓመቱም ይጫወታል፤ ኮሌጅ ያደርግ የነበረውን እዚህም ያደርገዋልና። ዋሽንግተን በኦገስት 2025 ብራያን ሮቢንሰንን ለሳን ፍራንሲስኮ አሳልፎ ሰጠ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሌላው ሯጭ ኦስቲን ኤከለር የተረከዙ ጅማት (አኪለስ) ተበጠሰ። የኳስ ሯጭነቱ ሥራ በ245ኛ ተራ በተመረጠው በጃኮሪ ክሮስኪ-ሜሪት ላይ ወደቀ፤ እሱም ተሸክሞት ሄደ። ታክል ወይም ኮርነርባክ ቢሆን ኖሮ ከ245ኛ ተራ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው።

ኮርነርባክ በመጀመሪያ ዓመቱ በኳስ ተቀባዮች ይበለጣል፤ ብዙዎቹ የሚታዩት በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። ታይት ኤንድ ከሁሉ ይዘገያል፤ መከለልንም መቀበልንም መማር አለበትና። ስለዚህ አንድን ድራፍት ሦስት ዓመት ሳይሞላው መፍረድ አይገባም። ዕድሜም እዩ፤ በ24 ዓመቱ ኮሌጅ ውስጥ የ20 ዓመት ልጆችን የጣለ ተመራጭና በ21 ዓመቱ ያንኑ ያደረገ ተመራጭ እኩል አይደሉም።

"ላይንባከር ያስፈልገናል፤ ለምን አልመረጡም?" የሚለው ቅሬታ በየዓመቱ ይሰማል። ቡድኖች ተጫዋቾችን በእርከን ይደለድላሉ። ተራው ሲደርስ በላይኛው እርከን የቀረ ላይንባከር ከሌለ፣ ቦታውን ለመድፈን ብቻ ከታችኛው እርከን አንዱን ማንሳት ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ ደካማ ላይንባከር ይዞ ይመጣል፣ ጥሩውን ሌላ ተጫዋች ደግሞ ለተጋጣሚ ይተዋል። እዚያ ላይ የሚሻለው ወደ ኋላ ወርዶ ተጨማሪ ተራ መቀበል ነው። ምክንያቱም ቀድሞ የመምረጥ ብልጫ ሰው ከሚያስበው ያንሳል። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ታለር የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ ቦታ ተከታትለው የተመረጡ ሁለት ተጫዋቾችን ሲያነጻጽሩ፣ ቀድሞ የተመረጠው ከሚቀጥለው የመብለጡ ዕድል ከ50 በመቶ እምብዛም የማይርቅ ሆኖ አግኝተውታል።

ተራን በነጥብ መመዘን

የዝውውርን ዋጋ ለመለካት ዳላስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጂሚ ጆንሰን ዘመን ያወጣው የነጥብ ሰንጠረዥ ዛሬም ያገለግላል። አንደኛ ተራ 3,000 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2,600፣ አሥረኛ 1,300፣ 16ኛ 1,000፣ 32ኛ 590። ከዚያ ወዲህ የወጡ ሰንጠረዦች ከላይ ያሉትን ተራዎች ዋጋ ዝቅ ያደርጋሉ፤ እነሱ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ፤ ለመለማመጃ ግን የድሮው ይቀላል።

በ2012 ዋሽንግተን ሮበርት ግሪፈንን ለመምረጥ ከስድስተኛ ወደ ሁለተኛ ተራ ወጣ። ለሴንት ሉዊስ የሰጠው 6ኛውን (1,600)፣ 39ኛውን (510)፣ የ2013ንና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ተራ ነው። የመጪው ዓመት ተራ ቁጥሩ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ለዚህ ነው ቡድኖች አንድ ዙር ዝቅ አድርገው የሚገምቱት። የ2013ቱ 22ኛ (780) ሆነ። ግሪፈን በጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር በተደረገው ፕሌይኦፍ ጉልበቱ ተጎዳ፤ በቀጣዩ ዘመን ቡድኑ 3 ድልና 13 ሽንፈት ላይ ወደቀ፤ ስለዚህ የሰጠው የ2014 ተራ ሁለተኛ (2,600) ሆኖ ለሴንት ሉዊስ ደረሰ። ደምሩት፤ 5,490 ነጥብ ለ2,600። የነገ ተራችሁን ስትሰጡ የሚጨምረው ዋጋ የራሳችሁ ውድቀት ነው፤ ቡድኑ በተዳከመበት ዓመት ነው ተራው የሚወደደው፣ በዚያው ዓመት ነው የሌለውም።

በዚያው ድራፍት በ102ኛ ተራ ሌላ ኳርተርባክ፣ ከርክ ከዝንስ ተመረጠ። "ግሪፈን እያለ ለምን?" ተብሎ ብዙ ተተቸ። በ2015 ቡድኑን ይዞ ምድቡን ያሸነፈው እሱ ነው።

የሁለተኛ ኳርተርባክ ነገር ከተነሳ የሳን ፍራንሲስኮ 2022 መታየት አለበት። ቡድኑ ለትሬይ ላንስ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ተራ ከፍሎ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ጂሚ ጋሮፖሎ ዲሴምበር ላይ እግሩን ተጎዳ። ሦስተኛው ብሮክ ፐርዲ ነበር፤ በዚያ ዓመት ድራፍት የመጨረሻው፣ 262ኛ ተመራጭ። እስከ ኮንፈረንሱ ፍጻሜ አደረሳቸው። ጃንዋሪ 29 ቀን 2023 ፊላደልፊያ ላይ በመጀመሪያው ጥቃት የፐርዲ ክርን ተጎዳ፤ አራተኛው ጆሽ ጆንሰን ገብቶ ጭንቅላቱን ተመታ፤ ፐርዲ መወርወር በማይችል እጅ ተመልሶ ገባ። 31 ለ 7 ተሸነፉ። ሊጉ ለቀጣዩ የውድድር ዘመን ሦስተኛ ኳርተርባክ ከ48ቱ ሳይቆጠር ለአስቸኳይ ጊዜ እንዲቀመጥ የፈቀደው ከዚህ በኋላ ነው። በወረቀታችሁ ኳርተርባክ ላይ ሦስተኛውን አምድ ባዶ አትተዉት።

የመጨረሻው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ተመራጭ የሚፈርመው የአራት ዓመት ውል ነው፤ ከ2011 ጀምሮ ክፍያው በተራው ቁጥር ይወሰናል። በመጀመሪያ ዙር ለተመረጠ ቡድኑ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው። ዳንኤልስ በ2024 በሁለተኛ ተራ ተመርጦ ለአራት ዓመት የፈረመው በ38 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በታች። በዚያው ዓመት ዳላስ ለዳክ ፕሬስኮት በዓመት 60 ሚሊዮን ፈረመ። በ2025 የአንድ ቡድን የደመወዝ ጣሪያ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ልዩነቱ፣ 50 ሚሊዮን ገደማ፣ ተንሲልንና ላቲሞርን መሸከም ያስቻለው ነው። ዋሽንግተን የዳንኤልስን አምስተኛ ዓመት መወሰን ያለበት በሜይ 2027 መግቢያ ነው፤ አዲስ ውል መደራደር ደግሞ የ2026 የውድድር ዘመን እንዳለቀ ይፈቀዳል። ያ ውል ሲፈረም የቡድኑ ግማሽ ርካሽ በሆኑ ወጣቶች፣ ዝቅተኛው ደመወዝ በ2025 840,000 ዶላር በሆነው ዓይነት ተመራጮች መሞላት ይኖርበታል። እነዚያ ወጣቶች ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመታቸው ላይ እንዲሆኑ ከ2025 እና ከ2026 ድራፍት መምጣት ነበረባቸው። በ2025 አምስት ብቻ መጡ፤ የ2026 ሁለተኛና አራተኛ ዙር ተራዎች ደግሞ ሂውስተን ሄደዋል።